አከራይና ተከራይ፤ ስለ ቃላት አመሠራረት ትምህርት

በቤት ኪራይ ውል ግርጌ ሁለት ሰዎች ይፈርማሉ። አንደኛው አከራይ፣ ሁለተኛው ተከራይ ይባላል። በሁለቱ ስሞች መካከል ያለችው ልዩነት አንዲት ፊደል ናት፤ ሆኖም ያቺ ፊደል ከፋዩን ከተቀባዩ፣ ለቃቂውን ከአስለቃቂው ትለያለች። አበዳሪና ተበዳሪ፣ ከሳሽና ተከሳሽ፣ ወካይና ተወካይ፣ ቀጣሪና ተቀጣሪ የሚባሉትም እንደዚሁ ናቸው። ውሉን ወይም የክሱን ወረቀት የሚያነበው ሰው የ«ተ»ንና የ«አ»ን ሥራ ጠንቅቆ ካላወቀ ዕዳውን ከመብቱ ለመለየት ይቸግረዋል። እንግዲህ ቃል እንዴት እንደሚመሠረት ለልጆች ማስተማር ስንት ጉዳይ የተንጠለጠለበት ነገር እንደ ሆነ ከዚህ ትንሽ ምሳሌ መረዳት ይቻላል።

በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት 7ኛና 8ኛ ክፍል መካከለኛ ደረጃ ተብለው ተለይተዋል። በዚህ ደረጃ ያለው ልጅ ዕድሜው በአሥራ ሦስትና በአሥራ አራት ዓመት አካባቢ ነው። ቋንቋውን ከሕፃንነቱ ጀምሮ ሲናገርበት ኖሯል፤ አሁን ግን ቋንቋውን ራሱን ከፊቱ አስቀምጦ፣ እንደ ሰዓት ሠሪ ፈታትቶና መልሶ ገጣጥሞ ሊመለከተው የሚችልበት ጊዜ ደርሷል። የቃላት ምሥረታ ትምህርት በዚህ ወቅት መሰጠቱም ስለዚህ ተገቢ ነው።

ችግሩ የሚመጣው ከአሰጣጡ ነው። ብዙ ጊዜ ተማሪው «ቅድመ ግንድ ቅጥያ ማለት ከግንዱ በፊት የሚገባ ነው፤ ድኅረ ግንድ ቅጥያ ማለት ከግንዱ በኋላ የሚገባ ነው» የሚለውን ብያኔ በቃሉ አጥንቶ ይመጣል። ፈተናም ሲቀርብለት ብያኔውን አሳምሮ ይጽፋል። ነገር ግን «ተጠቃሚ» የሚለው ቃል ከማን ጋር እንደሚዛመድ ቢጠየቅ ጥቅምን፣ ጠቃሚን፣ ጥቅመኛንና አጠቃቀምን ወዲያው አስከትሎ ለመጥራት ያመነታል። የመሣሪያዎቹን ስም አውቆ በመሣሪያዎቹ የማይሠራ አናጢ ማለት ይህ ነው።

ለዚህ ትምህርት የሚሆን ምሳሌ ከሩቅ ማምጣት አያስፈልግም። በአዲስ አበባ በደቡብ ምዕራብ በኩል፣ በነፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ የሚገኘውን የብስራተ ገብርኤልን ሠፈር ብቻ ብንወስድ፣ የሠፈሩና የጎረቤቶቹ ስሞች የአንድ መንፈቅ ዓመት ትምህርት ይወጣቸዋል። የታክሲው ረዳት ጠዋት ማታ የሚጠራቸውን «ሳር ቤት፣ ብስራተ ገብርኤል፣ መካኒሳ፣ ላፍቶ» የሚሉትን ስሞች ተማሪው ሁሉ ያውቃቸዋል፤ ቆም ብሎ የተመለከታቸው ግን ጥቂት ነው።

«ብስራተ ገብርኤል» ከሁለት ቃላት የተጣመረ ስም ነው። «ብሥራት» ከሚለው ቃል መጨረሻ ያለችው «ት» ወደ «ተ» ተለውጣለች። ይህች ለውጥ በግዕዝ ሥርዓት «የ» የሚለውን ቃል ተክታ ትሠራለች፤ በአማርኛ ቢነገር «የገብርኤል ብሥራት» ይሆን ነበር። በግዕዙ ሥርዓት ዋናው ቃል ይቀድማል፣ ገላጩ ይከተላል። «ሳር ቤት» ግን በአማርኛ ሥርዓት የተጣመረ ነው፤ ገላጩ ሳር ቀድሞ ዋናው ቃል ቤት መጨረሻ ላይ ይቀመጣል። «ነፋስ ስልክ»ም እንደዚሁ ነው። ሽቦ ሳይዘረጋ በአየር ላይ የሚላከው መልእክት ወደ አገራችን በገባ ጊዜ ሰው ከእጁ ያሉትን ሁለት ቃላት አጋጥሞ ስም አወጣለት። ስልክ የሚለው ቃል በዐረብኛ ሽቦ ማለት ነውና፣ «ነፋስ ስልክ» ሲባል ነፋስን ሽቦው ያደረገ መሣሪያ እንደ ማለት ነው። አንድ የቋንቋ ሊቅ ተቀምጦ ቢያስብ ከዚህ የተሻለ ስም ማግኘቱ ያጠራጥራል።

ይህ የሁለት ሥርዓት ጉዳይ ለተማሪው በየዕለቱ የሚያጋጥመው ነገር ነው። ትምህርት ቤት፣ ምግብ ቤት፣ መድኃኒት ቤት፣ ጽሕፈት ቤት ስንል አማርኛውን ተከትለናል። ቤተ መጻሕፍት፣ ቤተ ክርስቲያን፣ ቤተ መንግሥት ስንል ግዕዙን ተከትለናል። ብዙ ቁጥር ሲመጣ ልዩነቱ ጎልቶ ይታያል፤ የመጀመሪያዎቹ «ትምህርት ቤቶች» በሚለው መንገድ ከመጨረሻቸው ሲበዙ፣ ሁለተኛዎቹ «አብያተ መጻሕፍት» በሚለው መንገድ ከመጀመሪያቸው ይበዛሉ። ርእሰ መምህር፣ ሕገ መንግሥት፣ ሥነ ጽሑፍ፣ ሥነ ሥርዓት የሚሉትን ቃላት ተማሪው እንደ ደረቅ ድንጋይ ከሚሸከማቸው ይልቅ ይህችን አንዲት ቁልፍ ይዞ ቢከፍታቸው ይቀልለዋል።

ላፍቶና መካኒሳ ደግሞ ወደ ሌላ ቋንቋ ይወስዱናል። ሁለቱም የኦሮምኛ ስሞች ሲሆኑ የዛፍ ስሞች ናቸው፤ ላፍቶ ግራር ነው፣ መካኒሳ ብሳና ነው። በአዲስ አበባ ትምህርት ቤቶች አፋን ኦሮሞም ስለሚሰጥ መምህራኑ ሁለቱን ቋንቋዎች ጎን ለጎን ለማሳየት ጥሩ ዕድል አላቸው። አማርኛ በ«ነት» የሚሠራውን ሥራ ኦሮምኛ በ«ኡማ» ይሠራዋል፤ «ነማ» ማለት ሰው ሲሆን «ነሙማ» ሰው መሆንን ይገልጻል። በዚህ ላይ አንድ የሚያስገርም ነገር ይገኛል። በአማርኛ «ሰው» ላይ «ነት» ብንጨምር «ሰውነት» የሚል ቃል ይወጣል፤ ነገር ግን በዕለት ንግግራችን ሰውነት ስንል አብዛኛውን ጊዜ አካላችንን ማለታችን ነው። ሰብአዊ ባሕርይን ለመግለጽ ስንፈልግ «ሰብአዊነት» ወደሚለው እንሄዳለን። ስለዚህ ቅጥያ የቃሉን መንገድ ይጠቁማል እንጂ መድረሻውን ሁልጊዜ አይወስንም፤ ተማሪው ይህን ቀድሞ ማወቅ ይገባዋል።

ከሠፈሩ ስም ሳንርቅ «ገብርኤል» የሚለውን እንመልከት። ስሙ ከዕብራይስጥ የመጣ ሲሆን፣ በዚያ ቋንቋ «ገብር» ብርቱ ወንድ ማለት ነው፤ «ኤል»ም አምላክ ማለት ነው። በግዕዝ ግን «ገብር» አገልጋይ ማለት ስለ ሆነ፣ ተማሪው የቃሉን መልክ ብቻ አይቶ ትርጉሙን ከአገሩ ቋንቋ ብቻ ቢቀዳ ይሳሳታል። መምህሩ በዚህ አጋጣሚ የራሳችንን የ«ገብረ»ን ቤተሰብ በሰሌዳው ላይ ሊዘረጋው ይችላል። ግብር፣ ገባር፣ ገበሬ፣ ግብርና፣ ተግባር፣ ምግባር ሁሉም ከዚያው ግንድ የበቀሉ ናቸው። ከሁሉ የሚገርመው የሰዋስው መምህራን ራሳቸው ግስን «ገቢር» እና «ተገብሮ» ብለው ሲከፍሉ የሚጠቀሙባቸው ቃላት የዚሁ ቤተሰብ ልጆች መሆናቸው ነው። አንድ ሥር ይዞ ከእርሻው እስከ ግብር ሰብሳቢው መሥሪያ ቤት፣ ከዚያም እስከ ሰዋስው መጽሐፍ ድረስ መሄድ ይቻላል ማለት ነው።

ይህን ቤተሰብ ለልጆች ሲያሳዩ አንድ እንቅፋት ያጋጥማል። ፊደላችን ተነባቢውንና አናባቢውን በአንድ ምልክት አጣምሮ ስለሚጽፍ የቃሉ ሥር ለዓይን ተሸፍኖ ይቀራል። ወረደ፣ ወራጅ፣ ውርደት፣ መውረጃ የሚሉትን ቃላት ልጁ ሲያያቸው የተለያየ መልክ አላቸው። መፍትሔው ሥሩን በሳድስ ፊደል «ው-ር-ድ» ብሎ ለብቻው መጻፍ ነው። ሦስቱ ተነባቢዎች አጥንት ናቸው፤ በመካከላቸው የሚገቡት ድምፆች ሥጋና ልብስ ይሆኑላቸዋል። እንግሊዝኛ አብዛኛውን ጊዜ ቃል የሚያበጀው በመነሻና በመድረሻ እየቀጠለ ሲሆን፣ አማርኛ እንደ ዐረብኛና እንደ ዕብራይስጥ የቃሉን ውስጥ ጭምር ይለውጣል። ይህን ያልተረዳ ልጅ ቅጥያ ቢፈልግ ቢፈልግ አያገኝም፤ ለውጡ ያለው ከመካከል ነውና።

መጥበቅና መላላትም በፊደላችን አይታይም። «ልብስ ሰፊ» የሚለውን ማስታወቂያና «ሰፊ ሜዳ» የሚለውን ሐረግ ብንጽፋቸው አንድ ናቸው፤ ብናነባቸው ግን በመጀመሪያው «ፊ» ላልታ፣ በሁለተኛው ጠብቃ ትሰማለች። ስለዚህ የቃላት ምሥረታ ትምህርት በጆሮም የሚሰጥ መሆን አለበት። ልጆቹ ቃሉን ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ሊጠሩት ይገባል።

አሁን ወደ ታክሲው እንመለስ። ተሳፋሪ ሁሉ ለመውረድ ሲፈልግ «ወራጅ አለ!» ይላል። ወረደ ብሎ ወራጅ፤ «ደ»ዋ ወዴት ሄደች? «ቀጠረ» ቀጣሪ፣ «ፈለገ» ፈላጊ፣ «ጠበቀ» ጠባቂ፣ «ሰበሰበ» ሰብሳቢ ይሆናል። በእነዚህ ሁሉ የመጨረሻው ተነባቢ ሳይለወጥ «ኢ»ን ይቀበላል። በዚሁ ሕግ ቢሆን «ወራዲ» ማለት ይገባን ነበር። ነገር ግን የምላስ ጫፍ ከጥርስ አጠገብ ነክቶ የሚያወጣቸው አንዳንድ ድምፆች «ኢ» ሲመጣባቸው ወደ ላንቃ ይሳባሉ፤ «ኢ»ንም ውጠው ያስቀሯታል። ስለዚህ ት ወደ ች ይሄዳል፦ ከፈተ፣ ከፋች። ድ ወደ ጅ፦ ወረደ፣ ወራጅ። ጥ ወደ ጭ፦ ሸጠ፣ ሻጭ። ስ ወደ ሽ፦ ከሰሰ፣ ከሳሽ። ዝ ወደ ዥ፦ ያዘ፣ ያዥ። ን ወደ ኝ፦ ለመነ፣ ለማኝ። ል ወደ ይ፦ ከፈለ፣ ከፋይ። የመሣሪያና የቦታ ስም ስናወጣም ይኸው ሕግ ይሠራል፤ መክፈቻ፣ መውረጃ፣ መሸጫ፣ መያዣ፣ መሸፈኛ፣ መክፈያ እንላለን። ገንዘብ ያዡም፣ ሻጩም፣ ከሳሹም፣ ከፋዩም በአንድ ሕግ የሚተዳደሩ መሆናቸውን ልጁ ራሱ እንዲደርስበት ቢደረግ ሕጉን ዕድሜውን በሙሉ አይረሳውም። መምህሩ አሥራ አምስት ግሶችን ሰጥቶ «የሚሠራውን ሰው ስም አውጡ፤ ከዚያም የተለወጡትንና ያልተለወጡትን ለዩ» ቢል ይበቃል። ብያኔው ከመጨረሻ ይምጣ።

ታዲያ አንዱ ልጅ ከ«ነገደ» ተነሥቶ «ነጋጅ» የሚል ቃል ይዞ ብቅ ማለቱ አይቀርም። ክፍሉ ይስቅበት ይሆናል። መምህሩ ግን መሳቅ የለበትም። ልጁ ሕጉን በትክክል ሠርቶበታል፤ የተሳሳተው ልማዱን ነው። አማርኛ ለዚህ ሥራ «ነጋዴ» የሚለውን ቃል አስቀድሞ ይዟል፤ እንደ «ገበሬ» ሌላ መልክ የያዘ ቃል ነው። ከ«ሰረቀ»ም «ሰራቂ» ብንል ሕጉ ይፈቅድልናል፤ ሰው ሁሉ የሚለው ግን «ሌባ» ነው። የቆየው ቃል ቦታውን ስለ ያዘ አዲሱ መግቢያ አያገኝም። ሕግና ልማድ በቋንቋ ውስጥ እንዲህ እየተደማመጡ የሚኖሩ መሆናቸውን ከዚህች «ስሕተት» በላይ የሚያስተምር ነገር የለም። እንዲያውም «ነጋጅ» ያለው ልጅ «ነጋዴ»ን በቃሉ ከያዘው ልጅ ይልቅ ሕጉ የገባው መሆኑን አስመስክሯል።

ቅጥያዎቹም ቢሆኑ ሥራቸው ተለይቶ ቢታይ መልካም ነው። «ኛ»ን እንውሰድ። ተማሪው «የሰባተኛ ክፍል የአማርኛ ትምህርት» ሲል ሁለት ጊዜ ይጠቀምባታል፤ በመጀመሪያው ተራ ቁጥርን፣ በሁለተኛው የቋንቋን ስም ትሠራለች። ከትምህርት ቤት ወጥቶ በመንገድ ዳር ሲሄድ ደግሞ ራሱ «እግረኛ» ይባላል፤ ሦስተኛ ሥራዋ ይህ ነው። ከ«አም» እና ከ«ማ» መካከልም ልዩነት አለ። ሀብታም፣ ሆዳም፣ ቀንዳም ብለን ሰውን ወይም እንስሳን በያዘው ነገር እንጠራለን፤ ተራራማ፣ ደመናማ፣ ጭቃማ ብለን ግን አብዛኛውን ጊዜ አገርንና አየርን እንገልጻለን። ሕጉ ያለ ማፈንገጫ አይሆንም፤ ቢሆንም ልጆቹ ምሳሌ እየሰበሰቡ ሊፈትኑት የሚችሉት ሕግ ነው።

ወጣት የመንግሥት ሠራተኞችም ይህን ትምህርት ያለፈ ነገር አድርገው እንዳይመለከቱት እናሳስባለን። በ1987 ዓ.ም. በወጣው ሕገ መንግሥት የተመሠረተው አስተዳደር ሕግ አውጪ፣ ሕግ አስፈጻሚና ሕግ ተርጓሚ አሉት። ሦስቱም የሠሪ ስሞች ናቸው። ሁለተኛው ለምን «ፈጻሚ» ሳይባል «አስፈጻሚ» ተባለ? «አስ» የምትባለው ምዕላድ ሥራውን ሌላው እንዲሠራው የሚያደርገውን ሰው ታመለክታለችና፣ አስፈጻሚው ሕጉ እንዲፈጸም የማድረግ ኀላፊነት አለበት ማለት ነው። አንድ ደብዳቤ «መመሪያውን እንድትፈጽሙ» ሲልና «መመሪያውን እንድታስፈጽሙ» ሲል የሚሰጠው ትእዛዝ አንድ አይደለም። ደብዳቤውን የሚያረቅቀው ወጣት ይህን ሳይለይ ቢቀር ሥራው በሁለት ቢሮዎች መካከል ተንጠልጥሎ ይቀራል።

በየሪፖርቱ የምናነበው «አፈጻጸም»ም የራሱ ቅርጽ አለው። ከፊት «አ» ይገባል፣ የመካከሉ ተነባቢ ይደገማል፤ ትርጉሙም የሥራውን ሁኔታ ያሳያል። አነጋገር፣ አለባበስ፣ አጻጻፍ፣ የዚህም ጽሑፍ ርእስ የሆነው አመሠራረት በዚሁ መልክ የተሠሩ ናቸው። «ፍጻሜ» ማለቁን ይናገራል፤ «አፈጻጸም» እንዴት እንደ ተሠራ ይናገራል። ያለቀ ነገር ሁሉ ደኅና ተሠርቷል ማለት አይደለምና ሁለቱን መቀላቀል አይገባም።

እንዲህ ያለው ትምህርት ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በቅኔ ቤት ተማሪው ቀተለ፣ ቀደሰ፣ ገብረ፣ አእመረ፣ ባረከ፣ ሤመ፣ ብህለ፣ ቆመ የሚሉትን ስምንቱን የግስ አርእስት ይዞ እርባታውን ያወርዳል፤ አዲስ ግስ ሲያገኝም ከየትኛው ቤት እንደሚመደብ ይጠየቃል። ከዚህ ትምህርት የወጡት አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ያዘጋጁትና በደስታ ተክለ ወልድ ፈጻሚነት በ1948 ዓ.ም. የታተመው የግዕዝ መዝገበ ቃላት፣ እንደዚሁም ደስታ ተክለ ወልድ ራሳቸው በ1962 ዓ.ም. ያሳተሙት «ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት» ቃላትን በየሥራቸው ሰብስበው የያዙ ናቸው። ዶክተር ባዬ ይማም በ1987 ዓ.ም. ባሳተሙት «የአማርኛ ሰዋስው» ደግሞ ጉዳዩ በዘመኑ የቋንቋ ጥናት መንገድ ተተንትኗል። የቀድሞውን ልምምድና የአሁኑን ትንታኔ ማገናኘት የመምህሩ ፈንታ ነው።

ትምህርቱ የሚያስፈልገው ለንባብና ለፈተና ብቻ አይደለም። ቋንቋ በየዘመኑ አዲስ ነገር ይመጣበታል፤ ስምም ማውጣት ይኖርበታል። «ከተበ» ድሮ ጻፈ ማለት ነበር፤ በአንገት የሚንጠለጠለው «ክታብ» ከዚያ ወጣ፤ ሕክምናውም ሲስፋፋ «ክትባት» የሚለው ቃል ከዚያው ሥር ተገኝቶ ዛሬ እናት ሁሉ ታውቀዋለች። «አርሶ አደር» በሚለው መልክ አርብቶ አደርና ሠርቶ አደር ተከተሉ። በ1964 ዓ.ም. የተቋቋመው የአማርኛ አካዳሚ ኋላ የኢትዮጵያ ቋንቋዎች አካዳሚ ሆኖ፣ በ1989 ዓ.ም. ለታተመው የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላት ብዙ ስያሜዎችን አዘጋጅቷል። ከእነዚያ ቃላት ሥር የሰደዱ አሉ፤ በመጽሐፍ ውስጥ የቀሩም አሉ። ነገ ስያሜ የሚያወጡትም ሆነ የሚቀበሉት ዛሬ በ7ኛ ክፍል የተቀመጡት ልጆች ናቸው። አንድ አዲስ ቃል ሲቀርብላቸው ከምን እንደ ተሠራ የሚያውቁ ከሆነ ይቀበሉታል ወይም በምክንያት ይጥሉታል፤ የማያውቁ ከሆነ ግን ባዕድ ነው ብለው ያልፉታል።

«ጊዜው አይበቃም፤ በአንድ ክፍል ያሉት ልጆች ብዙ ናቸው» የሚል መልስ ሊመጣ እንደሚችል እናውቃለን። እውነት ነው። ይሁን እንጂ እኛ የምንለው ሥራ ከሰሌዳና ከጠመኔ በቀር መሣሪያ አይፈልግም። በሳምንት አንድ ሥር በሳድስ ይጻፍ። ልጆቹ በየቡድናቸው ቤተሰቡን ይሰብስቡ፤ ከቤት፣ ከመንገድ ማስታወቂያ፣ ከጋዜጣ ያምጡት። ለውጡን ራሳቸው ይፈልጉ። ያወጡት ቃል በሰው አፍ ያለ መሆኑን ታላላቆቻቸውን ጠይቀው ወይም መዝገበ ቃላት ተመልክተው ያረጋግጡ። በመጨረሻም በዓረፍተ ነገር ያስገቡት። ፈተናም ሲወጣ በክፍል ያልታየ ቃል ይሰጥ፤ በቃል የተያዘው ከተረዱት የሚለየው ያን ጊዜ ነው። አማርኛን ከሌላ ቋንቋ በኋላ የተማረው ልጅም በዚህ ሥራ ወደ ኋላ አይቀርም፤ አፍ የፈታበት ልጅ ሳያስተውል የሚያልፈውን ለውጥ እርሱ አስተውሎ ሊይዘው ይችላልና።

አጻጻፍም በዚሁ አብሮ ይታረማል። ሠራ፣ ሥራ፣ ሠራተኛ፣ መሥሪያ ቤት የሚሉት የአንድ ቤተሰብ ልጆች መሆናቸውን ያወቀ ተማሪ አንዱን በንጉሡ «ሠ»፣ ሌላውን በእሳቱ «ሰ» አይጽፍም። «ምሥራቅ» ፀሐይ ሠረቀች ከሚለው እንጂ ሌባው ሰረቀ ከሚለው እንዳልመጣም ይገነዘባል።

የ8ኛ ክፍል ተማሪ ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ቤት ይከራያል፣ ገንዘብ ይበደራል፣ ሥራ ይቀጠራል፤ ከቀናውም ያከራያል፣ ያበድራል፣ ይቀጥራል። ከሁለቱ በየትኛው በኩል እንደ ቆመ የምትነግረው ፊደል ከስሙ አጠገብ ተጽፋ ትጠብቀዋለች። አንብቦ ይፈርም ዘንድ እናስተምረው።